ኮከብ ቆጠራ በብራውዘር፦ የጋያን መረጃ በኖትቡክ መተንተን

ርዕሱን አይታችሁ ዕጣ ፈንታችሁን ልነግራችሁ የመጣሁ ከመሰላችሁ ይቅርታ። እዚህ የምንቆጥረው እውነተኛ ኮከብ ነው። ጥያቄያችንም አንድ ብቻ ነው፦ ሰባቱ ከዋክብት፣ በሳይንስ ስማቸው ፕሌያደስ የሚባሉት (የኮከቦች ክምችት ናቸው)፣ ከኛ ምን ያህል ይርቃሉ? መልሱን ከየትም አንቀዳም። ከጥሬው መረጃ ተነስተን፣ ከብራውዘር ሳንወጣ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ራሳችን እናሰላዋለን። ፓይተን ትንሽ ከነካካችሁ ይበቃል። ፎር ሉፕ መጻፍ ከቻላችሁ እንዲያውም ከሚያስፈልገው በላይ ታውቃላችሁ፤ እዚህ አንድም ሉፕ አንጽፍም።

ኮዱን መስመር በመስመር አልደረድርላችሁም። ኮዱ አጭር ነው፣ ፊደሉንም ለአስትሮኖሚ ከተሠሩት የፓይተን ጥቅሎች፣ ከአስትሮፓይና ከአስትሮኩዌሪ ማብራሪያዎች በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ኖትቡክ ስል ብራውዘር ውስጥ የሚከፈት የኮድ ገጽ ማለቴ ነው፤ ሴል ደግሞ በገጹ ላይ ለብቻው የሚሮጥ አንድ የኮድ ሳጥን ነው። እኔ የምነግራችሁ እያንዳንዱ ሴል ምን መሥራት እንዳለበትና እግራችሁ የት ላይ እንደሚንሸራተት ነው። የኔ እግር ሁሉም ላይ ተንሸራቷል።

መረጃው ወደ እናንተ አይመጣም

ጋያ የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ቴሌስኮፕ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ መጠቀ፤ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ቀስ እያለ በራሱ ዙሪያ እየዞረ፣ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ሰማዩን ሲቃኝ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሦስተኛው የመረጃ ልቀት፣ በአጭሩ ዲአር3፣ ወደ 1.8 ቢሊዮን የሚጠጉ የብርሃን ምንጮችን ይዟል። ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ ደግሞ ወደ 150 ዓምድ አለ።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ፋይሉን ከየት ነው ዳውንሎድ የማደርገው?" ብሎ ነው። አታደርጉትም። ነገሩ በተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ ጥያቄያችሁን ወደ ሰርቨሩ ትልካላችሁ፣ ሰርቨሩ ከ1.8 ቢሊዮኑ ውስጥ የጠየቃችሁትን ብቻ ለቅሞ ይመልስላችኋል። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ቢሆንም፣ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም ችግር የለም። ለቀማውን የሚሠራው የመረጃው ሰርቨር ነው፣ ስሌቱንና ሥዕሉን የሚሠራው ደግሞ ኖትቡኩ የሚሮጥበት ማሽን ነው፣ የናንተ ኮምፒውተር የሚያደርገው ገጹን ማሳየት ብቻ ነው። ይህን አሠራር ከአሁኑ ብትለምዱት ይሻላል፣ ምክንያቱም ቺሊ ተራራ ላይ ያለው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ በአንድ ሌሊት 20 ቴራባይት ገደማ መረጃ እንዲያወጣ ነው የተሠራው። ያንን ማንም ቤቱ አይወስደውም።

የት ልክፈተው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የጎግል የኖትቡክ አገልግሎት በሆነው ጎግል ኮላብ ውስጥ ክፈቱት። የጎግል አካውንት ካላችሁ ሌላ ምዝገባ የለም፣ አዲስ ኖትቡክ ትላላችሁ፣ አለቀ። ጉድለቱ ማሽኑ የናንተ አለመሆኑ ነው። ለጥቂት ጊዜ ካልነካችሁት ይዘጋል፣ ሲዘጋም የጫናችሁት ፕሮግራምና እዚያ ያስቀመጣችሁት ፋይል አብሮ ይጠፋል። ኖትቡኩ ራሱ ግን ድራይቭ ላይ ይቀራል።

ሥራው ሲጠነክርባችሁ ለአስትሮኖሚ ተብለው የተሠሩ ቦታዎች አሉ። ሳይሰርቨር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በተለይ የስሎን ቅኝት፣ ማለትም የኤስዲኤስኤስ መረጃ ላይ መሥራት ለፈለገ ሰው ምቹ ነው። አስትሮ ዳታ ላብ ደግሞ የአሜሪካው ኖየርላብ ነው፣ ብዙ የሰማይ ቅኝቶች ጎን ለጎን ተቀምጠውበታል፣ የተዘጋጁ ምሳሌ ኖትቡኮችም አሉት። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ መመዝገብ ብቻ ነው። የሩቢንም የራሱ መድረክ አለው፣ ግን በሩ ክፍት የሆነው የመረጃው መብት ላላቸው ተመራማሪዎች ነው። በኔ አስተያየት የትኛው ይሻላል እያሉ አንድ ሳምንት ማቃጠል ዋጋ የለውም። ኖትቡክ ኖትቡክ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ የሚቀየረው የመጀመሪያው ሴል ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሴል

አስትሮፓይ ኮላብ ላይ ተጭኖ ነው የሚጠብቃችሁ። አስትሮኩዌሪ ግን የለም፣ ራሳችሁ ትጭኑታላችሁ፤ ቃለ አጋኖ አስቀምጣችሁ ቀጥሎ የፒፕ ኢንስቶል ትእዛዝ ትጽፋላችሁ። ይህችን ሴል ከላይ ተዉአት፣ አትሰርዟት። ማሽኑ በተዘጋ ቁጥር እንደገና መጫን ስላለበት ነገ ትፈልጓታላችሁ።

ቀጥሎ ባለው ሴል አራት ነገር ትጠራላችሁ፦ ከአስትሮኩዌሪ የጋያን ክፍል፣ ለስሌት ነምፓይን፣ ለሥዕል ማትፕሎትሊብንና የአስትሮፓይን ሰንጠረዥ። ሺፍትና ኢንተር ስትጫኑ ሴሉ ይሮጣል፣ በግራ በኩል ባለው ቅንፍ ውስጥም ቁጥር ይወጣል። ያንን ቁጥር አሁኑኑ ልብ በሉት፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጥያቄውን መጻፍ

የጋያ ሰርቨር የሚገባው ቋንቋ ኤዲኪውኤል ይባላል። ኤስኪውኤል የምታውቁ ከሆነ ያው እሱ ነው፣ ሰማይ ላይ ክብ መሳል ተጨምሮበት። ሴሌክት ብላችሁ ዓምዶቹን ትዘረዝራላችሁ፣ ፍሮም ብላችሁ ሰንጠረዡን ትጠራላችሁ፣ ዌር ብላችሁ ቅድመ ሁኔታውን ታስቀምጣላችሁ።

ሰንጠረዡ የዲአር3 ዋናው ሰንጠረዥ ነው፣ ጋያ ሶርስ የሚባለው። 150ውን ዓምድ በሙሉ አትጥሩ። የሚበቁን እነዚህ ናቸው፦ የኮከቡ መለያ ቁጥር፣ ሁለቱ የሰማይ አድራሻዎች ማለትም ራይት አሴንሽንና ዴክሊኔሽን፣ ፓራላክስ (ርቀቱ የሚወጣበት ልኬት ነው፣ ቆይቼ እፈታዋለሁ) እና የፓራላክሱ ስህተት፣ በሁለቱ አቅጣጫዎች ኮከቡ በዓመት የሚንሸራተትበት መጠን፣ የጂ ብሩህነት ማለትም ጋያ በሰፊው የብርሃን ክልሉ የለካው ብሩህነት፣ በሰማያዊና በቀይ ብርሃን መካከል ያለው የቀለም ልዩነት፣ በመጨረሻም ሩዌ የሚባለው የጥራት መለኪያ።

ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ይሁን። መሀሉ ራይት አሴንሽን 56.75፣ ዴክሊኔሽን 24.12 ዲግሪ የሆነ፣ ሬዲየሱ 2 ዲግሪ የሆነ ክብ። ብዙ መመሪያዎች ላይ የጥራት ማጣሪያውም እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ሲከተት ታያላችሁ። እኔ አልወደውም። ሰርቨሩ ላይ ያጣራችሁትን ኮከብ ዳግም አታዩትም፣ ምን እንደጣላችሁም አታውቁም። ኖትቡኩ ውስጥ ካጣራችሁ ግን ሐሳባችሁን ስትቀይሩ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው። ክቡ ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም መጥራት አይከብድም።

2000 ስታዩ አትደሰቱ

መጀመሪያ ይህን የሞከርኩ ቀን ውጤቱ በሰከንዶች መጣ። የረድፎቹን ብዛት ጠየቅሁ፣ ልክ 2000። በጣም ደስ አለኝ፣ ደስ የሚል ክብ ቁጥር ነዋ! ሥዕሉን ሠራሁ፣ ክምችት የሚመስል ነገር የለም። ግማሽ ቀን ቀመሬን ስፈትሽ ዋልኩ። ቀመሩ ምንም አልነበረበትም።

ችግሩ ይህ ነው። በአስትሮኩዌሪ ለጋያ ጥያቄ የሚላክበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መልሱ ወዲያው የሚመጣበት ነው፣ እሱ ከ2000 ረድፍ በላይ አይመልስም። ሌላው ደግሞ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ወረፋ ይዞ የሚሠራበት፣ አሲንክ የሚባለው ነው፤ እሱ ለብዙ ረድፍ የተሠራ ነው። በስም ፈልገው ክብ የሚጠሩበት ዝግጁ ትእዛዝም አለ፣ እሱማ ካልነገራችሁት በቀር 50 ረድፍ ብቻ ሰጥቷችሁ ዝም ይላል። ስለዚህ አሲንኩን ተጠቀሙ። የረድፎቹንም ብዛት ሁልጊዜ አትሙ። 50 ወይም 2000 ካያችሁ ተቆርጦባችኋል ማለት ነው።

ከማጣራታችሁ በፊት እዩት

ሰንጠረዡ ሲመጣ መጀመሪያ የፓራላክስ ዓምዱን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር አሳትሙ። ከዜሮ በታች የሆኑ ታያላችሁ። አትደንግጡ።

ፓራላክስ ምን እንደሆነ ለማየት አውራ ጣታችሁን ፊታችሁ ዘርጉና አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ከዚያ ሌላውን። ጣቱ ወዲያና ወዲህ የዘለለ ይመስላል፣ ጣቱ በቀረበ ቁጥር ዝላዩ ይበዛል። ጋያ ከምድር ጋር ፀሐይን እየዞረ ኮከቦቹን ከሁለት ዳር ያያቸው ነበር፣ የሚለካውም ያንን ዝላይ ነበር። መለኪያው ሚሊ አርክሰከንድ ነው። አንድ ዲግሪን ለ3600 ብትከፍሉት አንድ አርክሰከንድ ይሆናል፣ እሱን እንደገና ለ1000። እጅግ ሩቅ የሆነ ኮከብ ዝላዩ ከመለኪያው ስህተት ያንሳል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከዜሮ በላይም በታችም ሊወድቅ ይችላል። ከዜሮ በታች ሲሆን ኮከቡ ከጀርባችሁ ነው ማለት አይደለም፣ በዚያ ኮከብ ላይ መለኪያው ብዙ አይናገርም ማለት ነው።

አሁን ማጣሪያ። የፓራላክሱ ዋጋ ከስህተቱ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፣ ሩዌ ደግሞ ከ1.4 ይነስ። ሩዌ የጋያ ሞዴል ለኮከቡ ምን ያህል እንደገጠመ ይናገራል፤ ትልቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያ ኮከብ ብቻውን አይደለም፣ ጎኑ ሌላ ኮከብ ተለጥፎ እያወዛወዘው ነው። የተጣሩትን በአዲስ ስም አስቀምጡ። ዋናውን ሰንጠረዥ አትንኩት።

አንድ የሚገርም ነገር፦ በዓይናችሁ ሰማይ ላይ የምታዩአቸው እነዚያ ደማቆቹ ከዝርዝሩ ሊጎድሉ ይችላሉ። ጋያ በጣም ደማቅ ኮከብ ላይ ይቸገር ነበር፣ ብርሃኑ መሣሪያውን ያጥለቀልቀው ነበር። ሰባቱን ከዋክብት ፍለጋ ሄዳችሁ ሰባቱን ብታጡ፣ ተራ የሆኑት መቶዎቹ ወንድሞቻቸው ግን አሉ፣ ለሥራችንም የሚበልጡት እነሱ ናቸው።

ጉብታውን መፈለግ

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። አንድ ክምችት ውስጥ ያሉ ኮከቦች አብረው ተወለዱ፣ አብረው ይጓዛሉ። ከኋላቸውና ከፊታቸው ያሉት ባዕዳን ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ስለዚህ ቦታቸውን ትታችሁ እንቅስቃሴያቸውን ሣሉ፤ አግድሙ በራይት አሴንሽን አቅጣጫ ያለው እንቅስቃሴ፣ ቁመቱ በዴክሊኔሽን አቅጣጫ ያለው። ነጥቦቹን በጣም ትንንሽ አድርጓቸው፣ አለበለዚያ ገጹ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል።

ሥዕሉ ሲወጣ ዜሮ አካባቢ ሰፊ ደመና ታያላችሁ። እነሱ ሩቆቹ ናቸው፣ ሩቅ ነገር የማይንቀሳቀስ ይመስላል። ከደመናው ወጣ ብሎ፣ በአግድሙ 20 ገደማ፣ በቁመቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 45 አካባቢ፣ ብቻዋን ጠቅጠቅ ያለች ጉብታ አለች። ፕሌያደስ እሷ ናት። ማንም ሳይነግራችሁ፣ ሰማዩን እንኳ ሳታዩ፣ ከቁጥር ውስጥ አንድ ቤተሰብ ለያችሁ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ያየኋት ቀን ወንበሬ ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ፣ ለማን እንደምናገር ግን ጠፋኝ።

በጉብታዋ ዙሪያ ሬዲየሱ 3 ሚሊ አርክሰከንድ በዓመት የሆነ ክብ ቁረጡ። ለምን 3? ምንም ቅዱስ ነገር የለውም። 2 አድርጋችሁ፣ 5 አድርጋችሁ ሞክሩና መጨረሻ ላይ ያለው መልስ ምን ያህል እንደሚነቃነቅ እዩ። መልሱ በክቡ ስፋት የሚዋልል ከሆነ እየለካችሁ ያላችሁት ክቡን እንጂ ክምችቱን አይደለም።

ርቀቱ

የቀሩትን ኮከቦች ፓራላክስ በሂስቶግራም ሣሉ። 7.4 አካባቢ አንድ ሹል ጫፍ ይወጣል፣ ግራና ቀኙ የተበተኑ ጥቂት ባዕዳን ይኖራሉ። እነሱን ለመጣል ከ6.5 እስከ 8.5 ያሉትን ብቻ ያዙ።

ከዚያ ሚዲያኑን፣ ማለትም ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለውን፣ ውሰዱ። 1000ን ለሚዲያኑ አካፍሉ፣ መልሱ በፓርሴክ ይመጣል። እኔ የማገኘው 135ና 136 አካባቢ ነው። በ3.26 አባዙት፣ ወደ 440 የብርሃን ዓመት።

ቅደም ተከተሉን ግን አትገልብጡት። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ኮከብ ርቀት አስልታችሁ ከዚያ አማካይ ብትወስዱ ውጤቱ ያዘነብላል፣ ምክንያቱም ማካፈል ስህተትን በሁለቱም ወገን እኩል አይዘረጋውም። ክምችቱ አንድ ቦታ ያለ ነገር ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ፓራላክስ አግኙ፣ ከዚያ አንዴ ብቻ አካፍሉ። ጋያ ራሱም በፓራላክሱ ላይ የአንድ ሚሊ አርክሰከንድ ጥቂት መቶኛ የምታህል የታወቀች ስህተት አለችው። ለሩቅ ነገር ትልቅ ራስ ምታት ናት፣ ለኛ ግን እዚህ ግባ አትባልም።

ይህች 136 ቀላል ቁጥር እንዳትመስላችሁ። ከጋያ በፊት የነበረው ሂፓርኮስ የተባለ ሳተላይት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የመጠቀው፣ ፕሌያደስን 120 ፓርሴክ አካባቢ አስቀምጧት ነበር። ሌሎች መንገዶች ደግሞ አይ፣ ከዚያ ትርቃለች አሉ። ልዩነቱ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው ትሉ ይሆናል፣ ግን ሂፓርኮስ ልክ ከሆነ ስለ ወጣት ኮከቦች የምናውቀው ነገር ተሳስቷል ማለት ስለነበር ለዓመታት አነታረከ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሬዲዮ ቴሌስኮፖች 136 አሉ፣ ጋያም መጥቶ ያንኑ መሰከረ። የናንተ ኖትቡክ አሁን የደረሰበት እዚያው ነው።

አንድ ሥዕል ደግሞ

ርቀቱ ካለ የኮከቦቹን እውነተኛ ብሩህነት ማወቅ ይቻላል። በጂ ብሩህነቱ ላይ የፓራላክሱን ሎጋሪዝም 5 ጊዜ ትደምሩና 10 ትቀንሳላችሁ፣ ሎጋሪዝሙ ባለ 10 መሠረት ነው። ለአባላቱ በሙሉ ያንኑ ሚዲያን ፓራላክስ ተጠቀሙ። ቀለሙን በአግድም፣ ብሩህነቱን በቁመት ሣሉ፣ የቁመቱን ዘንግ ደግሞ ገልብጡት፤ አስትሮኖሚ ውስጥ ትንሽ ቁጥር ማለት ደማቅ ማለት ነው፣ ከጥንት የወረስነው ነገር ነው፣ ማንም አልቀየረውም።

ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ የሚወርድ ቀጭን መስመር ይወጣላችኋል። ዓይናችሁን ጠጋ አድርጉት። ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከሱ ጋር ትይዩ የሚሄድ ሌላ ደብዛዛ መስመር አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ 0.75 ነው። ይህ ልዩነት ልክ የእጥፍ ብርሃን ልዩነት ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ ሁለት እኩል ኮከቦች ተጣብቀው አንድ መስለው የሚታዩ ናቸው። ሩዌን 1.4 ላይ ስለቆረጥን ከነሱ የጣልናቸው አሉ። ማጣሪያውን አንስታችሁ ሴሎቹን እንደገና አስሩጡና መስመሩ ሲደምቅ እዩ። ሰርቨሩ ላይ አታጣሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ከመዝጋታችሁ በፊት

የአባላቱን ሰንጠረዥ ድራይቭ ላይ አስቀምጡ፤ ኮላብ ላይ ከሆናችሁ ድራይቩን መጀመሪያ ማገናኘት አለባችሁ። ፋይሉን በፊትስ ወይም በኢሲኤስቪ አድርጉት። ተራ ሲኤስቪ የየዓምዱን የመለኪያ አሃድ ይጥለዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኤክሴል ነው። የጋያ መለያ ቁጥር እስከ 19 አኃዝ ይደርሳል፣ ኤክሴል የሚይዘው 15 አኃዝ ነው፣ የቀረውን ምንም ሳይናገር ዜሮ ያደርገዋል። ፋይሉን ከፍታችሁ ሴቭ ካላችሁ ኮከቦቻችሁ ስማቸው ጠፋ።

አሁን ወደዚያች በቅንፍ ውስጥ ያለች ቁጥር እንመለስ። ኖትቡክ ሴሎቹን ከላይ ወደ ታች የግድ አያስሮጥም፣ እናንተ በነካችሁበት ቅደም ተከተል ነው የሚያስሮጠው። ቁጥሯ የምትነግራችሁ ያንን ነው። ከላይ 14፣ ከታች 9 ካያችሁ አንድ ነገር ተዘባርቋል። አንድ ጊዜ ማጣሪያውን የያዘውን ሴል ስሰርዝ ተለዋዋጩ ማሽኑ ሜሞሪ ውስጥ ስለቀረ ሥዕሉ ማለፊያ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ለጓደኛዬ ላክሁለት፣ እሱ ሲከፍተው ሦስተኛው ሴል ላይ ቀይ በቀይ ሆነ። "አንተ ጋ ነው እንጂ እኔ ጋ ይሠራል" ብዬ ተከራክሬያለሁ፣ ሳላፍር።

ስለዚህ ራንታይም ከሚለው ሜኑ ሪስታርት ሴሽን ኤንድ ራን ኦል የሚለውን ተጫኑ። ሁሉም ከዜሮ ይነሳል። ቁጥሮቹ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ከወረዱና 136 ራሷ ተመልሳ ከመጣች ሥራችሁ ለሰው ይሰጣል።

ቀጥሎ አድራሻውን ወደ 130.1ና 19.67 ቀይሩት። ፕራይሴፔ የሚባል ሌላ ክምችት ነው፣ ከፕሌያደስ ይርቃል፣ ዕድሜውም ይበልጣል። የጉብታውን ቦታ ግን አልነግራችሁም፣ ሥዕሉ ላይ ራሳችሁ ፈልጉት።